የትምህርት ቤቶች የጤና ሙዚቃ ውድድር፤ ከተሳታፊ ክበብ በኩል የቀረበ ግምገማ

በዚህ ዓመት በክፍለ ከተማችን በሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል የተካሄደውን የጤና መልእክት የሙዚቃ ውድድር ከምዝገባው ጀምሮ እስከ ሽልማቱ ቀን ድረስ ተከታትየዋለሁ። በምሠራበት ትምህርት ቤት የጤና ክበቡንና ሚኒ ሚዲያውን የማስተባብር መምህር ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቻቸውን ለማስመዝገብ የሚያስቡ መምህራንና ወላጆች፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ውድድር ለማዘጋጀት የሚነሱ የወጣቶች ማዕከላት ውድድሩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ይህን ግምገማ ጽፌያለሁ። ፍርዴን ከመነሻው ልግለጽ። ውድድሩ ለጤና ያስገኘው እውነተኛ ጥቅም የታየው ከማጠቃለያው በፊት በነበሩት የዝግጅት ሳምንታት ነው፤ የአዘጋጆቹ ገንዘብና ጉልበት በአብዛኛው የዋለው ግን በመጨረሻው ቀን መድረክ ላይ ነበር።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ቡድን ያስመዘግባል። ግጥሙና ዜማው የተማሪዎቹ የራሳቸው ሥራ መሆን አለበት፤ የታወቀ ዘፈን ዜማ ተውሶ ቃሉን መለወጥ አይፈቀድም። ርዕሱ የሚደለደለው በዕጣ ሲሆን የሳምባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት፣ ጫትና ሲጋራ፣ የወር አበባ ንጽሕና እና የአእምሮ ጤና ከርዕሶቹ መካከል ነበሩ። ዕጣው ከወጣ በኋላ ለየቡድኑ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ ይመደባል፤ ግጥሙን ባለሙያው አይቶ ካልፈረመበት ቡድኑ ለማጣሪያው አይቀርብም። ምዝገባው በነፃ ነው። መጓጓዣና የመድረክ ልብስ ግን በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጅ የሚሸፈን ሲሆን፣ ይህ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም ነበርና አቅም የሌላቸው ወላጆች ዘግይተው ሲሰሙት ተቸግረዋል።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው የጤና ባለሙያው ፊርማ ግዴታ መደረጉን ነው። ለእኛ ቡድን የደረሰው ርዕስ የሳምባ ነቀርሳ ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ጽፈው ያመጡት ግጥም ለዜማ የተመቸ፣ ቤት የሚመታና ለጆሮ የሚጥም ነበር። ከስንኞቹ መካከል እነዚህ ይገኙበታል፦

ከሰው ጋር አትብላ፣ ከሰው ጋር አትጠጣ፤
የሳምባው በሽታ በዋንጫ እንዳይመጣ።

ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ልኩን ጠብቋል፤ የያዘው ትምህርት ግን ስሕተት ነው። የሳምባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ታማሚው ሲስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ወደ አየር በሚወጣው ባክቴሪያ ነው፤ ዋንጫና ሳህን በመጋራት አይተላለፍም። የተመደበችልን ነርስ ግጥሙን አንብባ ስትጨርስ ስንኞቹን በቀይ ቀለም ሰርዛ አልመለሰችላቸውም። «እስቲ ይህን ከማን ሰማችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አንዷ ከአያቷ፣ ሌላው ከጎረቤት መስማታቸውን ተናገሩ፤ ከኋላ የተቀመጠችም «ሲስተር፣ ብርድ የመታውን ሰው ነው የሚይዘው ይባላል እኮ» አለች። አንድ ልጅ ደግሞ አጎቱ ታክሞ ከዳነ በኋላ እንኳ እስከ ዛሬ በተለየ ሳህን ለብቻው እንደሚበላ ነገራት። ነርሷ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለምን መመርመር እንዳለበት፣ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ እንደሚሰጥና መድኃኒት ላልተላመደው ዓይነት ስድስት ወር እንደሚወስድ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ ታማሚም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሌላው ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ እንደሚቀንስ አስረዳቻቸው። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ የሳምባ ነቀርሳ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ መሆኗን ሲሰሙ ብዙዎቹ ተገርመዋል፤ በሽታው የድሮ ነው ብለው ያስቡ ነበርና። ከዚህ ውይይት በኋላ ይዘውት የተመለሱት ስንኝ የሚከተለው ነው፦

ሁለት ሳምንት አልፎት ሳሉ ካልለቀቀህ፣
ጤና ጣቢያ ድረስ፣ መድኃኒት አለልህ።

በሁለቱ ስንኞች መካከል ያለው ልዩነት ውድድሩ የሚያስገኘውን ጥቅም ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ ያሳያል። አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ የተነገረውን የጤና ትምህርት ለፈተና አጥንቶ ሊረሳው ይችላል፤ ያንኑ ነገር በአሥራ ሁለት ቀለም ውስጥ አስገብቶ፣ ቤት አስመትቶ፣ በጓደኞቹ ፊት እንዲዘምረው ሲጠየቅ ግን የትኛው ቃል ቢወጣ እውነቱ እንደሚዛባ ማወቅ ይኖርበታል። «ሁለት ሳምንት» የሚለው ሐረግ ለዜማው ከባድ ሆኖባቸው «ብዙ ቀን» በሚል ሊተኩት ሞክረው ነበር። ነርሷ አልተቀበለችም፤ እነርሱም ዜማውን ለቃሉ እንዲመች አስተካከሉት። ያ ቡድን ይህን ቁጥር በዕድሜው የሚረሳው አይመስለኝም። ልምምዱ የሚደረገው በምሳ ሰዓትና ከትምህርት በኋላ በመሆኑ፣ ያልተወዳደሩት ተማሪዎችም በመስኮት እየሰሙ ስንኙን ለምደውታል። ልጁም የአጎቱን ሳህን ጉዳይ ለቤተሰቡ ማንሳቱን በኋላ ነግሮኛል።

ክትባቱ በዕጣ የደረሳቸው የሌላ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ደግሞ ከበድ ያለ የአጻጻፍ ችግር ገጥሟቸዋል። የማሕፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ሲሆን፣ መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። መከላከያ ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ተከትሎታል። ልጆቹ መጀመሪያ ወሬውን በአዝማቹ ላይ አስገብተው በየስንኙ ሊያስተባብሉት አስበው ነበር። ባለሙያዋ ግን አዝማች የሚደጋገም መሆኑን፣ ሰሚው ይዞት የሚሄደውም ማስተባበያውን ሳይሆን የተደጋገመውን ወሬ ሊሆን እንደሚችል አስረዳቻቸው። በመጨረሻ አዝማቹ ላይ ክትባቱ ከምን እንደሚከላከል ብቻ አስቀመጡ፤ ለወሬውም አንዲት እናት ለልጇ በምትመልስበት አንድ ስንኝ ውስጥ መልስ ሰጡበት። ማስታወቂያ ሠሪዎች በብዙ ክፍያ የሚማሩትን ጥበብ እነዚህ ልጆች በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አግኝተውታል።

ለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች አገር ወጣቶችን በሙዚቃና በድራማ ለጤና ትምህርት ማሰለፍ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበባት ብዙ ዘፈን፣ ግጥምና ጭውውት አቅርበዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከእነዚህ ክበባት በአንዱ ነበርኩ። ብዙ ሕይወት እንዳዳኑ አምናለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የራስ ቅልና አጽም የተሳለባቸው ፖስተሮች፣ ታማሚውን እንደ መቅሠፍት የሚያሳዩ ትዕይንቶች፣ «ንክኪ ሞት ነው» የሚል መንፈስ ያላቸው ግጥሞች በጭብጨባ ይሸለሙ ነበር። ፍርሃቱ ሰውን ከቫይረሱ ከመጠበቁ ጎን ለጎን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ከቤትና ከሥራ እንዲገለሉ፣ ለመመርመርም እንዲፈሩ አድርጓል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንኳ ያ ፍርሃት በቶሎ አልለቀቀም። ስለዚህ በመድረክ ላይ የሚዘመር አንድ የተሳሳተ ስንኝ ምን ያህል ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ያየ ሰው የባለሙያ ፊርማን እንደ ተራ ሥነ ሥርዓት ሊቆጥረው አይችልም።

ወደ ማጠቃለያው ቀን ልሂድ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነው፣ መብራቱም የተሟላ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ በተባለው ሰዓት አለመጀመሩን ካልቆጠርን አቀባበሉ መልካም ነበር። ችግሩ በዳኝነት ሰንጠረዡ ይጀምራል። ከ100 ነጥብ ውስጥ ለድምፅ 30፣ ለዜማና ማጀቢያ 25፣ ለመድረክ አያያዝ 25 ሲመደብ፣ ለጤና መልእክቱ የቀረው 20 ብቻ ነው። ከዳኞቹም መካከል የጤና ባለሙያው አንድ ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ሚዛን ድምፁ ያማረ ቡድን መልእክቱ ቢደበዝዝም ያሸንፋል። በመድረኩ ላይም የታየው ይኸው ነው። እንደ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ያሉ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድሮች ለድምፅ ቅድሚያ መስጠታቸው ተገቢ ነው፣ ዓላማቸው ድምፃዊ ማውጣት ነውና። የጤና ውድድር የእነርሱን ሰንጠረዥ እንዳለ ሲቀዳ ግን ዓላማውን ይለቃል። በእኔ እምነት ለመልእክቱ ትክክለኛነትና ግልጽነት ቢያንስ 40 ነጥብ ሊሰጥ ይገባል፤ በመድረክ ላይ ከተፈረመበት ግጥም ውጪ የተሳሳተ መረጃ የጨመረ ቡድንም ነጥቡ መቀነስ አለበት። ከተመልካች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ድምፅ ማሰባሰቡ ደግሞ ጨርሶ ቢቀር እመርጣለሁ፤ መልእክት መላክ ገንዘብ ይጠይቃልና የተሻለ ገቢ ያላቸው ወላጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት በግልጽ ተጠቅሞበታል።

ይህ ሚዛን ምን እንደሚያስከትል በጫት ርዕስ የቀረበው ሥራ በደንብ አሳይቷል። ቡድኑ ያቀረበው ራፕ ከቀኑ ሥራዎች ሁሉ በቴክኒክ የበሰለው ነበር። በርጫ ላይ የተቀመጡ ወጣቶችን፣ ምርቃናው ሲመጣ በሐሳብ ሕንፃ የሚገነባውን፣ አገር የሚመራውን፣ ከዚያም ለጨብሲ የሚወጣውን ልጅ በሚያስደንቅ ትወና አሳዩ። አዳራሹ በሳቅና በፉጨት ተናወጠ። አዝማቹም የምርቃናውን ደስታ የሚገልጽ ነበር። እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ ከትምህርት መስተጓጎሉና ገንዘቡ የተነሡት በመጨረሻው ስንኝ ላይ በጥድፊያ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ተመልካቹ ገና እየሳቀ ነበር። በዕረፍት ሰዓት በመተላለፊያው ላይ የሌሎች ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ሲዘፍኑት የሰማሁት አዝማቹን ነው፤ ማለትም የምርቃናውን ውዳሴ። ቡድኑ ሁለተኛ ወጥቶ ተሸልሟል። ልጆቹን አልወቅስም፤ ችሎታቸው የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሰሚው ከዘፈን ውስጥ ይዞት የሚሄደው አዝማቹን ስለሆነ፣ ባለሙያው ግጥሙን ሲፈርም የቃላቱን እውነትነት ብቻ ሳይሆን የትኛው ቃል እንደሚደጋገምም ማየት አለበት። በወረቀት ላይ ሲነበብ በዚያ ግጥም ውስጥ አንድም የተሳሳተ መረጃ አልነበረም።

በአእምሮ ጤና ላይ በጊታር ብቻ ታጅባ የዘፈነችው ተማሪ ከዚህ በተቃራኒ ጥንቃቄ ያልተለየው ሥራ አቅርባለች። ስለ ድብርት የጻፈችው ግጥም በመጀመሪያው ረቂቅ ራስን ስለ መጉዳት በዝርዝር የሚናገር ክፍል እንደነበረው፣ የሥነ አእምሮ ነርሱ ዝርዝሩ በችግር ላይ ላለ ወጣት አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ እንዳስወጣውና በምትኩ ለሚያምኑት ሰው መናገርን የሚያነሣ ስንኝ እንደገባ መምህሯ አጫውታኛለች። ዳኞቹ ለዚህ ሥራ የሰጡት ነጥብ ዝቅ ያለ ነበር፤ «የመድረክ እንቅስቃሴ ይጎድለዋል» ተብሏል።

የቀኑ ምርጥ ሥራ የምለው ግን ሦስተኛ የወጣው የኤች አይ ቪ ቡድን ያቀረበውን ነው። እነዚህ ተማሪዎች ማሲንቆ የሚጫወት አንድ ጓደኛ ነበራቸውና የአዝማሪ ቤቱን የተቀበል ሥርዓት ወደ መድረክ አመጡት። ዘፋኟ «ተቀበል» እየተባለች ከተመልካቹ መካከል የተዘጋጁ ልጆች የሚወረውሩላትን ስንኝ ትቀበላለች፤ ስንኞቹም ሰው በአደባባይ ለመጠየቅ የሚያፍራቸው ጥያቄዎች ናቸው። ትንኝ ያስተላልፋል ወይ? መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማግባትና መውለድ ይችላል ወይ? ምርመራው ስንት ያስከፍላል? ዘፋኟ ለእያንዳንዱ በዚያው ምት መልስ ትሰጣለች። የኮንዶሙን ጉዳይ በሰምና ወርቅ ስላለፈችው ወላጆች ሳይሸማቀቁ ሰሙት፤ ወጣቶቹም ወርቁን ለማግኘት አልተቸገሩም። በመሐል ከተዘጋጁት ውጪ አንድ እውነተኛ ተመልካች ተነሥቶ የራሱን ጥያቄ በስንኝ ወረወረ፤ ዘፋኟም ሳትደናገጥ መለሰችለት። በብዙ ሳምንት ዝግጅት ጉዳዩን ካልተረዱት በስተቀር እንዲህ ያለ መልስ በቅጽበት አይመጣም። ለጤና ትምህርት ከውጭ የመጣ ቅርጽ ከመፈለጋችን በፊት ጥያቄና መልስን በዜማ የሚያስኬድ እንዲህ ያለ የራሳችን ሥርዓት እንዳለን አዘጋጆቹ ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ብቻ የተለየ ዘርፍ ቢከፈት በርካታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ጭምር በልበ ሙሉነት ይወዳደሩበታል።

በዚሁ ርዕስ ላይ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ በመድረክ ላይ «በሚቀጥለው ጊዜ ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ ወጣት የራሱን ታሪክ እንዲዘፍን እንፈልጋለን» ሲል ሰምቻለሁ። የራስን ሕይወት መዘመር ኃይል እንዳለው አልክድም። ዑጋንዳዊው ታዋቂ ድምፃዊ ፊሊ ሉታያ እ.ኤ.አ. በ1989 ቫይረሱ በደሙ እንደሚገኝ በይፋ ተናግሮ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወረ ማስተማሩ በአገሩ ስለ በሽታው የሚነገርበትን መንገድ ለውጧል። ሉታያ ግን ጎልማሳ ነበር፤ ውሳኔውም የራሱ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን ለሽልማት በሚደረግ ውድድር ምሥጢሩን እንዲገልጥ መጋበዝ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ነገ ትምህርት ቤት ተመልሶ የሚቀመጠው ብቻውን ነው፤ ቪዲዮውም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ይኖራል። ይህ ሐሳብ ከወዲሁ እንዲተው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሰሚው ወዴት ይሂድ? በዚህ ጥያቄ ላይ ውድድሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በሌሎች አገሮች የተሠሩ ሥራዎች ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣት ድምፃውያን የዘፈኗቸው ኃላፊነት የተሞላበት የፍቅር ግንኙነትን የሚያስተምሩ ዘፈኖች በሰፊው ተደምጠዋል፤ ያንን ተከትሎ በፊሊፒንስ የተካሄደው ተመሳሳይ ዘመቻ ደግሞ ዘፈኑን ወጣቶች ደውለው ምክር ከሚያገኙበት የስልክ መስመር ጋር አያይዞታል። የሰማውን ዘፈን ወድዶ ጥያቄ የተፈጠረበት ልጅ የሚደውልበት ቁጥር ነበረው። በአገራችንም ስለ ኤች አይ ቪ ምክር ለመስጠት የተጀመረው 952 ለብዙ ዓመታት ያገለገለና በኮቪድ ጊዜም ከ8335 ጋር አብሮ የተዋወቀ ነፃ መስመር ነው። በማጠቃለያው ቀን ግን አንድም ቁጥር በባነር ላይ አልተጻፈም፤ የመድረክ አስተዋዋቂዎቹም አላነሡትም። በየጤና ጣቢያው ስለሚገኘው ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት ክፍልም የተናገረ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን ያወቁት ግጥማቸውን ለማስፈረም ሲሄዱ ነው። ከአዳራሹ ውጪ የደም ግፊት መለኪያና የኤች አይ ቪ ምርመራ ድንኳን መተከሉ የሚያስመሰግን ነው፤ የተተከለው ግን ከትኬት መቁረጫው ፊት ለፊት፣ ገቢና ወጪው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ስለነበር ወደ ምርመራው የገባ ተማሪ ብዙም አላየሁም። በዚያው ግቢ ከኋላ በኩል የተከለለ ክፍል ነበር።

ስለ ስፖንሰሩ በአጭሩ ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ እንዲሁም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የሙዚቃ ዝግጅቶችን በብዛት ይደግፉ የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከወጣቶች መድረክ መራቃቸው እሰየው የሚያሰኝ ነው። የዘንድሮውን ወጪ በከፊል የሸፈነው የለስላሳ መጠጥ አምራች ሲሆን፣ ከመድረኩ ኋላ የተሰቀለው ትልቁ ባነርም የእርሱ ነበር። ስለ ጤና የሚዘምሩ ልጆች ስኳር ከበዛበት መጠጥ ሥዕል ሥር መቆማቸው አልተዋጠልኝም። የታሸገ ውኃ፣ የመጻሕፍትና የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሽልማቱም ለአሸናፊው ቡድን የተሰጠ ገንዘብና የስቱዲዮ ቀረጻ ዕድል ነበር። ገንዘቡ በልጆች መካከል የአከፋፈል ጭቅጭቅ ማስነሣቱን ከአሸናፊው ትምህርት ቤት ባልደረባዬ ሰምቻለሁ፤ በምትኩ ለክበቡ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ ወይም ለሚኒ ሚዲያው የድምፅ ማጉያ ቢሰጥ ለሚቀጥሉት ዓመታት ተማሪዎች ሁሉ ያገለግላል።

ወላጆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ ደግሞ የምዝገባ ቅጹ ሦስተኛ ገጽ ነው። በዚያ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ግጥም፣ ዜማና ምስል «ሙሉ መብት» ወደ አዘጋጁ እንደሚተላለፍ የሚገልጽ አንቀጽ አለ። ብዙዎቻችን ቅጹን የፈረምነው በጥድፊያ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ መብት ይሰጣል፤ ደራሲው ተማሪ መሆኑ ይህን አይቀንስበትም። ለጤና ትምህርት በነፃ ይሰራጭ ማለት ተገቢ ነው፣ እኛም በደስታ የምንፈቅደው ነው። ነገር ግን ልጁ የራሱን ዘፈን በሌላ መድረክ ለመዝፈን ፈቃድ የሚጠይቅበት አሠራር ሊኖር አይገባም። አዘጋጆቹን ጠይቄያቸው «ለሕጋዊነት ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ከዚህ ቀደም በወጣቶች ሙዚቃ የጤናና የማኅበራዊ ሕይወት ትምህርት ለመስጠት ከተሠሩት ሥራዎች መካከል በ2005 ዓ.ም የተጀመረው «የኛ» ይታወሳል። አምስት ወጣት ሴቶችን ያሰባሰበው ይህ የሬዲዮ ድራማና የሙዚቃ ዝግጅት በባለሙያዎች የተሠራና በሰፊው የተደመጠ ነበር፤ የብሪታንያ መንግሥት ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ አቁሟል። የትምህርት ቤቶች ውድድር በድምፅ ጥራትም ሆነ በአድማጭ ብዛት ከእንዲህ ያለው ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ ብልጫው በሌላ በኩል ነው። አንድ ነርስ፣ አንድ መምህር፣ ባዶ ክፍልና አንድ ማሲንቆ ካለ ዋናው ሥራ ይሠራል፤ የውጭ ድጋፍ ቢቋረጥም አይቆምም። ለዚህም ነው አዘጋጆቹ ለመብራትና ለባነር ያወጡትን ወጪ ቀንሰው የዝግጅቱን ጊዜ እንዲያራዝሙ፣ ባለሙያዎቹ ወደየትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲመላለሱ የመጓጓዣ አበል እንዲከፍሏቸው የምጠይቀው። ዘንድሮ የእኛ ነርስ የመጣችው ከራሷ ኪስ እየከፈለች ነው። ሥራ የበዛበት ጤና ጣቢያ የተመደበላቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፊርማውን ያገኙት ግጥሙ በደንብ ሳይነበብ መሆኑን መምህራኑ ነግረውኛል፤ የጫቱ ራፕ ከእነዚህ የአንዱ ነበር።

ተማሪዎቻችሁን ለማስመዝገብ ለምታስቡ መምህራን መልሴ አስመዝግቧቸው የሚል ነው። የጤና ክበብ ላላቸውና ግጥም መጻፍ ለሚወዱ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የጤና ትምህርት መንገድ አላየሁም። ዕጣው እንደወጣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ፤ ባለሙያው ግጥሙን ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ እንዲያነብብ ጠይቁ፤ አዝማቹን ለብቻው አሰምታችሁ ምን እንደሚያስተምር መርምሩ፤ የመጓጓዣውን ወጪ ለወላጆች ከመጀመሪያው ንገሩ። የእኛ ክበብ በሚቀጥለው ዓመትም ይመዘገባል። በቅጹ ሦስተኛ ገጽ ላይ ግን «ለጤና ትምህርት ዓላማ በነፃ እንዲሰራጭ ተፈቅዷል፤ የደራሲነት መብቱ የተማሪዎቹ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በእጃችን ጽፈን፣ ከወላጆች ጋር ተፈራርመን እናስገባለን። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ቢያደርጉ አዘጋጆቹ አንቀጹን ለማሻሻል የሚቸገሩ አይመስለኝም።